ለወላጆች ቤት ሶላር ከመግዛትዎ በፊት ስለ ባትሪው ይጠይቁ

ጥያቄ፦ ሪያድ በሥራ ላይ ነኝ። ወላጆቼ ከሦስት የወንድሜ ልጆች ጋር ደቡብ ወሎ ገጠር ይኖራሉ። ቤታቸው ከመኪና መንገድ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ስለሚርቅ የመብራት መስመር አልደረሰም። ደሴ ያለ አንድ ነጋዴ ባለ 200 ዋት ፓኔል፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪና ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር አንድ ላይ እንድገዛ ነግሮኛል። «መብራትም፣ ቴሌቪዥንም፣ ካስፈለገም ምጣድ ያሠራል» ይላል። ልጆቹ በኩራዝ ነው የሚያጠኑት፤ የእናቴን ዓይን ደግሞ ጭሱ እየጎዳው ነው። ገንዘቡን ልላክ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ገንዘቡን ለጊዜው ያቆዩት። ነጋዴው ከዘረዘረልዎት ሦስት ዕቃዎች ለዚያ ቤት የሚሆነው አንዱ፣ ፓኔሉ ብቻ ነው። ባትሪው ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው። ኢንቨርተሩ፣ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው ዕቃ፣ ማንም ሳይጠቀምበት ኃይል ይበላል። ምጣዱ ደግሞ ጨርሶ የማይሆን ነገር ነው። ነገ ሌላ ነጋዴ ሌላ ዕቃ ሲያቀርብልዎት ራስዎ መመዘን እንዲችሉ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎት።

ከምጣዱ ልጀምር፤ የእናትዎ ዓይን ጉዳይ ስለሆነ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር ምጣዱ ገና ሲሰካ ራሱን ያጠፋል። ኢንቨርተሩን ቢያሳድጉትም እንኳ፣ ለቤተሰቡ የሚበቃ እንጀራ አንድ ጊዜ ጋግሮ ለመጨረስ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። አንድ ዋት ሰዓት ማለት አንድ ዋት የሚወስድ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚበላው ኃይል ነው፤ ሺው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይባላል። ቀጥሎ እንደምናሰላው የመላው ቤተሰብ መብራት፣ ስልክ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተደምሮ በቀን 240 ዋት ሰዓት ነው። የአንድ ቀን ጋገራ የ25 ቀን መብራት ይፈጃል ማለት ነው። እናትዎን የሚጎዳቸው በአብዛኛው የምድጃው ጭስ ነው፤ የኩራዙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ከሚልኩት ገንዘብ ጥቂቱን ለይተው ምርጥ የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ይግዙላቸው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ፣ እሳቱን ዙሪያውን የሚከልል ምድጃ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለእናትዎ ከየትኛውም ፓኔል ይልቅ ይህ ይቀድማል።

አሁን ወደ ስሌቱ። ቤቱ አራት አምፖል ይበቃዋል፤ አንድ ለዋናው ቤት፣ አንድ ለጓዳው፣ አንድ ለማድ ቤቱ፣ አንድ ለደጁ። የማድ ቤቱን አደራ እላለሁ። የመብራቱን ቦታ የሚመርጡት ብዙ ጊዜ ወንዶች ስለሆኑ፣ ሴቶቹ ከማለዳ እስከ ማታ የሚሠሩበት ክፍል ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ባለሙያው ሽቦ ሲዘረጋ እናትዎ አብረውት ቆመው ቦታውን ራሳቸው ያሳዩት። እያንዳንዱ ባለ 3 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በአማካይ 5 ሰዓት ቢበራ የአራቱ ድምር 60 ዋት ሰዓት ነው። ሬዲዮ 20 ዋት ሰዓት ይውሰድ። በ12 ቮልት በቀጥታ የሚሠራ፣ 20 ዋት የሚወስድ ትንሽ ቴሌቪዥን ሦስት ሰዓት ቢታይ 60 ይሆናል።

ስልክ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ስልክ ብክነቱን ጨምሮ ለመሙላት 20 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ቤተሰቡ ሁለት ስልክ አለው ተብሎ 40 ይያዛል። ነገር ግን ሶላር ወደ ገባበት ቤት ጎረቤት ስልኩን ይዞ መምጣቱ አይቀርም፤ አባትዎም «አይሆንም» አይሉም፤ ሊሉም አይገባም። ስለዚህ ከመጀመሪያው አምስት ስልክ ብለው ይያዙ፤ 100 ዋት ሰዓት። ድምሩ 240 ሆነ። ጎረቤትን ያልቆጠረ ስሌት ባትሪውን በጥቂት ወራት ያዳክመዋል።

ባትሪው ፀሐይ በደንብ ሳትወጣ ሁለት ቀን እንዲያዘልቅ እንፈልጋለን፤ 480 ዋት ሰዓት መስጠት አለበት። ባትሪ ደግሞ እስከ መጨረሻው ጠብታ አይጠጣም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት 80 በመቶው ቢወሰድበት ይችላል፤ ስለዚህ ባለ 12.8 ቮልት፣ ባለ 50 አምፔር ሰዓት አንድ ባትሪ ይበቃል፤ ቮልቱ በአምፔር ሰዓቱ ሲባዛ 640 ዋት ሰዓት ይሆናል። የአሲድ ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በታች እንዲወርድ አይፈቀድም፤ ለሶላር ተብሎ የተሠራና 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ መሆን አለበት። የሊቲየሙ ክብደት 6 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ የአሲዱ ወደ 30 ይጠጋል። የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በአህያ ጭነት ሲታሰብ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። አሲድ መንገድ ላይ ሊፈስ እንደሚችልም አይዘንጉ።

ነጋዴው ያቀረበው የመኪና ባትሪ ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ከፍተኛ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ከዚያ ሞተሩ ወዲያው መልሶ ይሞላዋል። ለዚህም ሲባል በውስጡ ያሉት የእርሳስ ፕሌቶች ስስ ናቸው። በየማታው ግማሹን አሟጥጠው፣ በማግሥቱ ደመና ስለነበር ሳይሞላ ሲያድር፣ በፕሌቶቹ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት እየጠነከረ ይሄድና ባትሪው ኃይል መያዝ ያቆማል። በአሠራራችን ብዙ ጊዜ ዓመት ሳይሞላው ነው የሚያልቀው። ርካሽ የመሰለው ባትሪ በአምስት ዓመት ውስጥ አራትና አምስት ጊዜ ይገዛል። ደህና የሊቲየም ባትሪ ግን ከ2,000 ጊዜ በላይ ተሞልቶ ሊወርድ ይችላል፤ በየቀኑ ሲሠራም ከአምስት ዓመት በላይ ያገለግላል።

ከዝርዝሩ የጎደለ ነገር እንዳለስ አስተውለዋል? የቻርጅ መቆጣጠሪያ የለም። ፓኔሉን ከባትሪው የሚያገናኘው፣ ባትሪው ሲሞላ የሚያቆመው፣ ሊያልቅ ሲል ደግሞ መብራቱን የሚያጠፋው ይህ የእጅ መዳፍ የምታህል ዕቃ ነው። ያለ እርሱ የተገጠመ ሶላር ባትሪውን ቀን ያቃጥለዋል፣ ማታ ያሟጥጠዋል። ለዚህ ቤት ቢያንስ 10 አምፔር የሚችል፣ ሊቲየም ከመረጡም ለሊቲየም የሚስተካከል መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል።

ሶላሩ ተበላሸ ተብዬ ስጠራ በየቤቱ የማገኘው ነገር ተመሳሳይ ነው። ፓኔሉ ጣሪያው ላይ ደህና ተቀምጧል፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ስለካው 20 ቮልት ያህል ይሰጣል። ግድግዳው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ግን ሥራ ፈትቷል፤ ሁለት ራቁታቸውን ያሉ የመዳብ ሽቦዎች ከባትሪው ጫፍ ተጠምዝዘው በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደዋል። ታሪኩ ሲጠየቅ አንድ ማታ ኳስ እየታየ ሳለ መቆጣጠሪያው ባትሪውን ለማዳን አጥፍቶት ነበር፤ ከቤቱ ልጆች አንዱ «መሣሪያው ተበላሸ» ብሎ በጎን አገናኘው። ከዚያ ወዲህ ባትሪው በየማታው እስኪጨርስ ይጠባል። ክዳኑን ስከፍተው ውሃው ከፕሌቶቹ በታች ወርዷል፤ ፕሌቶቹም ነጭ ሆነዋል። ማንም አላጠፋም፤ መቆጣጠሪያው ለምን እንደሚያጠፋ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ስለዚህ የገጣጠመው ባለሙያ ከመሄዱ በፊት ለወንድምዎ ልጆች ይህን አንድ ነገር እንዲያስረዳቸው ያድርጉ፦ ሲጠፋ ተበላሽቶ አይደለም፣ ባትሪውን እየጠበቀ ነው።

ኢንቨርተሩን ጨርሶ ያስቀሩት። ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት፣ በርቶ ስለዋለ ብቻ፣ 8 ዋት ያህል ሊወስድ ይችላል። በ24 ሰዓት ውስጥ 192 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ከቤተሰቡ የቀን ድርሻ አራት አምስተኛውን ማለት ነው። አምፖሉም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮውም፣ የስልክ መሙያውም በ12 ቮልት የሚሠሩ ሆነው ይገኛሉ። ነጋዴው ኢንቨርተር የሚሸጠው ሱቁ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን በ220 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ነው።

ፓኔሉ በበጋ ችግር የለበትም። ወሎ ላይ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ፀሐይዋ ለጋስ ናት። መመዘኛችን ግን ሐምሌና ነሐሴ መሆን አለባቸው። በእነዚያ ወራት በቀን የ3.5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ብቻ እናገኛለን ብለን እንያዝ፤ ከሙቀት፣ ከአቧራ፣ ከሽቦና ከባትሪ ብክነት ተርፎ ጥቅም ላይ የሚውለው ደግሞ 65 በመቶ ያህሉ ነው። 240ን መጀመሪያ ለ3.5፣ ከዚያ ለ0.65 ሲያካፍሉት 105 ዋት ያህል ይመጣል፤ ስለዚህ ባለ 120 ዋት ፓኔል ይበቃል። ነጋዴው ያቀረበው 200 ዋት በእርግጥም 200 ከሆነና ዋጋው ካልከበደ ለክረምቱ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም፤ መቆጣጠሪያው ግን ወደ 20 አምፔር ማደግ ይኖርበታል።

«በእርግጥም 200 ከሆነ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ገበያ ላይ ጀርባው ላይ የተለጠፈው ቁጥር እጥፍ ሆኖ የተጻፈ ፓኔል ሞልቷል። ማንም ሰው ሜትር ይዞ ሊያረጋግጠው ይችላል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ደህና ፓኔል ከአንድ ካሬ ሜትር ወደ 200 ዋት ያህል ይሰጣል። 200 ዋት ተብሎ ርዝመቱና ስፋቱ ሲባዛ ግማሽ ካሬ ሜትር ብቻ የሚሆን ፓኔል ከቀረበልዎት ጽሑፉ ውሸት ነው። ወንድምዎ ሱቁ ውስጥ ለክቶ በስልክ ይንገርዎት።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ፓኔሉ ወደ ደቡብ ያጋድል፤ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ዘመም ይበል። ቆርቆሮ ላይ የሚታሰር ከሆነ ከቆርቆሮው አንድ ጋት ያህል ከፍ ብሎ ነፋስ ይግባበት። ፓኔል ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሞቀ ቁጥር በየዲግሪው 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል፤ ከቆርቆሮ ጋር ተጣብቆ 60 ዲግሪ ሲደርስ 14 በመቶው በከንቱ ይሄዳል። ቤቱ የሣር ክዳን ከሆነ ግቢው ውስጥ በጠንካራ ምሰሶ ላይ ይተከል። ከሁሉም በላይ ባሕር ዛፍ አጠገብ እንዳይሆን። በውስጡ ያሉት ሴሎች በአንድ መስመር የተያያዙ ስለሆኑ አንዲት ቅርንጫፍ ጥግ ላይ ጥላ ብትጥል የሚቀንሰው ከተሸፈነው ቦታ እጅግ ይበልጣል። ጧት፣ እኩለ ቀንና ማታ ጥላው የት እንደሚወድቅ ሳይታይ ምሰሶ አይቆፈርም።

ሽቦው ላይ አይቆጥቡ። የ12 ቮልት ኃይል በቀጭን ሽቦ ውስጥ መንገድ ላይ ይቀራል። ከፓኔሉ እስከ መቆጣጠሪያው 10 ሜትር ቢሆን፣ ባለ 1 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከ2 ቮልት በላይ ይበላል፤ ባለ 4ቱ ግን ወደ 0.6 ቮልት ብቻ። በባትሪውና በመቆጣጠሪያው መካከል ፊውዝ ይግባ፤ ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ይህ ሁሉ መገጣጠም የሚያስቸግር ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ፓኔሉ፣ ባትሪው፣ መቆጣጠሪያውና አምፖሎቹ ከፋብሪካው ተስማምተው በአንድ ካርቶን የሚመጡ የቤት ሶላሮች አሉ። ቬራሶል የሚባል ዓለም አቀፍ የጥራት ማረጋገጫ እነዚህን ይፈትሻል፤ ቀድሞ በዓለም ባንክ ቡድን ሥር ላይቲንግ ግሎባል እየተባለ ይሠራ የነበረው ሥራ ነው። ያለፉት ሞዴሎች ስም ለሕዝብ ይፋ ስለሆነ ከመክፈልዎ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ያነጻጽሩ። አራት አምፖል፣ ሬዲዮና ስልክ ብቻ ለሚበቃው ቤት እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ቴሌቪዥኑን ሌላ ጊዜ ማሰብ ይቻላል።

አሁን ዋናውን ልበል። እህቴ፣ ከዋቱ በፊት መጠየቅ ያለበት «በሁለተኛው ዓመት ሲበላሽ ማን ይመጣል?» የሚለው ነው። ባንግላዴሽ ይህን ከየትኛውም አገር በተሻለ አሳይታናለች። ኢድኮል የተባለው የመንግሥት የፋይናንስ ተቋም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የጀመረው መርሐ ግብር ከ4 ሚሊዮን በላይ የገጠር ቤቶችን ሶላር አስገብቷል። ዕቃው የተሸጠው በብድር ነበር፤ እንደ ግራሚን ሻክቲ ያሉ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን መንደር ውስጥ አስቀምጠው ክፍያውንም ይሰበስቡ፣ ብልሽቱንም ያዩ ነበር። ደንበኛው መብራቱ ካልበራ እንደማይከፍል ስለሚያውቁ ባትሪው የእነርሱም ጉዳይ ሆነ። በኋላ የመንግሥት መስመር በፍጥነት ሲስፋፋና ሶላር በነፃ መታደል ሲጀምር ብድር የሚወስድ ሰው ጠፋ፤ ሠራተኞቹም ከመንደሩ ወጡ። ኬንያ ውስጥ ደግሞ ኤም-ኮፓ የተባለው ኩባንያ ሶላሩን ኤም-ፔሳ በሚባለው የሞባይል ገንዘብ በየቀኑ በሚከፈል ትንሽ ገንዘብ ሲሸጥ ኖሯል፤ ክፍያ ሲቋረጥ መሣሪያው ይቆለፍ ነበር። መቆለፉን የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ ግን ሻጩ ዕቃው እንዲሠራ ከሽያጩ በኋላም የሚጨነቅበት አሠራር ከነፃ ስጦታ ይሻላል እላለሁ። በአገራችንም ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሬማ በምትባለው ስፍራ ከ2,000 በላይ ቤቶች ሶላር ሲገባላቸው የቴክኒሻኖች ማሠልጠኛም እዚያው ተከፍቶ ነበር። ዕቃውና ሠራተኛው አብረው የሚገቡበት አካሄድ ይህ ነው።

ለእርስዎም የምመክረው ይኸው ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ በስልክ የሚገኝ፣ ዕቃውን ሸጦ የሚገጥም፣ ዋስትናውንም በጽሑፍ የሚሰጥ ባለሙያ ያግኙ፤ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም። ክፍያውን በሁለት ይክፈሉት፤ ቀሪውን ገንዘብ መብራቱ በርቶ አንድ ወር ከቆየ በኋላ ይላኩ። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ኪስ እንዲወጣም አልመክርም። ኩራዝ ሲቀር ለነጭ ጋዝና ለእጅ ባትሪ ድንጋይ ይወጣ የነበረው ብር ቤት ውስጥ ይተርፋል፤ ስልክ ከሚሞሉት ጎረቤቶች ፈቃደኛ የሆነውም ጥቂት ሳንቲም ቢጥል፣ ያ ሁሉ እናትዎ እጅ ለቀጣዩ ባትሪ ይቀመጥ። እርስዎ አንድ ቀን ከሪያድ ቢመለሱ ወይም ሥራ ቢቀይሩ ቤቱ ጨለማ መሆን የለበትም። የአሲድ ባትሪ ከመረጡ፣ ሲሞት ልጆች እንዳይጫወቱበት፣ ማንም እርሳሱን ሊያቀልጥ ግቢ ውስጥ እንዳይከፍተው፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ለሸጠው ሰው ተመልሶ ይሰጥ።

መስመሩ ይደርሳል ብለው ይጠብቁ እንደሆነ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የወጣው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 ሁሉንም ሕዝብ ለማዳረስ፣ 65 በመቶውን በመስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጪ በሆነ ኃይል፣ አቅዶ ነበር። የወላጆችዎ ቤት ዛሬም በኩራዝ ነው። ወንድምዎ የወረዳውን የመብራት አገልግሎት ይጠይቅ፤ ምሰሶ ቀበሌው ድረስ እየተተከለ ከሆነ ትንሿን የካርቶን ሶላር ብቻ ይግዙ። ካልሆነ አይጠብቁ፤ ልጆቹ ዘንድሮ ነው የሚማሩት።

የመጨረሻው ነገር የጉዞው ነው። ሊቲየም ባትሪ ከሪያድ ይዘው ወይም በመንገደኛ ልከው ለማስገባት አይሞክሩ፤ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ የኛው 640 ነው። ከዚያ ሊልኩ የሚችሉት የ12 ቮልት አምፖል፣ መለዋወጫ ፊውዝና አንዲት ትንሽ የቮልት መለኪያ ነው። መለኪያዋን ትልቁ የወንድምዎ ልጅ ይያዛት። የአሲድ ባትሪ ከሆነ፣ ምንም ሳይበራበት ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ሲለካ 12.2 ቮልት ካሳየ ግማሹ አልቋል፤ ያን ማታ ቴሌቪዥኑ ይቅር። የሊቲየም ባትሪ በቮልት በቀላሉ አይታወቅም፤ እርሱን ለመቆጣጠሪያው ይተዉለት። ባትሪው ከመገዛቱ በፊት ጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ፎቶግራፍ ይነሣና ይላክልዎ፤ ዓይነቱ፣ ቮልቱና አምፔር ሰዓቱ ከላይ ካልኩት ጋር ካልገጠመ አይክፈሉ።